የእኔ ውዝዋዜ፣ የጥሩዬ ልጅ

ጥቅምት 3፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 8 ሰ.

ማጭድ አለቀ። ጀሪካን ሁለት ቀረ። ሠራተኛው ከደጋ በአይሱዙ እየተጫነ ሸሕዲ ይራገፋል። ጎጃሜው ቦት ጫማውን እያገላበጠ ዝም፤ ወሎዬው «አብሽሪ እናቴ» እያለ ዋጋ ያስቀንሰኛል። ይህን ወቅት እወደዋለሁ። ሱቄ አይጎድል፣ አፌ አይቦዝን። ባሌ ቋራ ነው፣ ትራክተር ላይ፤ ሰሊጡ ሳይገባ አይመለስም። ሙቀቱ ግን ጉድ። ደብተሬ ሆይ፣ ላቤ ቢንጠባጠብብሽ ይቅር በይኝ።

እና ጥሩዬ መጣች። ስልኳን እንደ ጧፍ ከፊቷ ይዛ። ሣቋ ከእሷ ቀድሞ ደረሰ። ልጇ ሐመር ሆላንድ አገር ዘፋኝ ሆናለች አለችኝ። ብቻዋን አይደለም፣ አራት ሆነው፦ ሁለት ሴት፣ ሁለት ወንድ። ስማቸው «ሚዮና» ነው አሉ። ትርጉሙን ጠየቅኋት፤ አታውቅም። እኔ ደግሞ የማውቅ ይመስል ራሴን ነቀነቅሁ።

አየሁት። ምቱ ድም ድም ድም፣ መብራቱ ዐይን ይወጋል፣ ልብሳቸው እንደ ዓሣ ቅርፊት ያብለጨልጫል። ሐመር ከመሃል። በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በባሕር አድርጋ የሄደችው ያቺ ከሲታ ልጅ! የሰው ቤት ወለል ስትወለውል የከረመችው! እልል አልኩ። ሠራተኞቹ ማጭድ እንደያዙ ዞረው አዩኝ።

ከዚያ ሐመር ሁለት እጇን ወደ ላይ ሰቀለች። ወገቧን ስብር። ትከሻዋን ሽርሽር፣ ሽርሽር።

እልልታዬን ከመሃል አቋረጥኩት። የእኔ ነው እኮ!

ልንገርሽ። 12ኛ ስማር፣ በት/ቤቱ ኪነት ክበብ፣ የሰሊጥ ውዝዋዜ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሰሊጥ ታጭዶ ይታሰራል፤ ነዶው ሂላ ሆኖ፣ እርስ በርሱ ተደግፎ እንደቆመ ይደርቃል፤ ከዚያ ሸራ ላይ ተዘቅዝቆ ይመታል፣ ፍሬው ይረግፋል። እጅ ወደ ላይ፦ የቆመው ነዶ። ወገብ ስብር፦ መዘቅዘቁ። ትከሻ ሽርሽር፦ ፍሬው ሲረግፍ። አዳራሹ በጭብጨባ ሊፈርስ ነበር። ጥሩዬ ያኔ ከበሮ ተሸካሚ ነበረች። መቺ እንኳ አይደለችም። ተሸካሚ።

ሐመርንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ እዚሁ ሱቅ ጓሮ። እናቷ ለንግድ ድንበር ተሻግራ ገላባት ስትመላለስ ልጅቱ እኔ ዘንድ ነበር የምትውል፣ ከልጄ ከትዕግሥቴ ጋር። ትዕግሥቴ እግሯ ድንጋይ ነው። ሐመር ግን አንዴ አይታ ያዘችው። እቴቴ ትለኝ ነበር።

ደስ ብሎኛል። በጣም። ግን ሦስት ጊዜ አስደገምኳት።

ጥቅምት 8፣ እሁድ። ከቤ/ክ መልስ

ጥሩዬ ቤት ተጠራን። ሴቱ ሁሉ አለ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ወ/ሮ አስካለ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽር ትፈልጋለች።

ልጅቱ ይህን ከማን ተማረችው ብለው ጠየቁ። አፌን ከፈትኩ። ጥሩዬ ቀደመችኝ፦ «ከእኔ ነዋ! ደም አይደለም እንዴ!»

ከዚያ ተነሥታ ልታሳይ ሞከረች። ውይ። ወገቧ አይታዘዝ፣ ትከሻዋ እንደ ተጫነ አህያ። አስካለ አየቻት፣ አየቻት፣ «ጥሩዬ፣ ተይው እሱን፤ ነዶሽ ገና እርጥብ ነው፣ አይረግፍም» አለቻት። ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። እኔ ከሁሉ በላይ ሣቅሁ፤ ዕንባዬ እስኪመጣ።

ሣቁ ሲያባራ ቀስ ብዬ፣ ጓሮዬ ውስጥ እንዳስተማርኳት አነሣሁ። በጨዋ ደንብ። ጥሩዬ ጉልበቴን መታ መታ አድርጋ «አይ ብርነሽ፣ አንቺማ ትጠብቂልኝ ነበር እንጂ!»

ትጠብቂልኝ። እንደ ፍየል።

ማንም አላስታወሰኝም። አዳራሹ ውስጥ ካጨበጨቡት አራቱ እዚያው ተቀምጠው! ከዛሬ ጀምሮ ሙሉ ስሟን አልጽፍም። ጥ. ይበቃታል።

ጥቅምት 19፣ ሐሙስ። 9 ሰ.

መ/ር ዳኘው እንግሊዝኛውን አንብቦ አስረዳን። ሚዮና ሆላንድን አልፎ ቤልጂግ፣ ጀርመን ገብቷል። በየሳምንቱ ሌላ ከተማ፣ ሌላ አዳራሽ። የፈረንጅ ተማሪ በየት/ቤቱ ግቢ እጁን እየሰቀለ ወገቡን ይሰብራል። አንዲት ነጭ አሮጊት ስትሞክረው አሳየን፤ ከጥ. ትሻላለች።

እዚህም ያው ነው። ባጃጁ ሁሉ እሱን ይዘፍናል። ከወዲያ ማዶ ከጦርነቱ የመጡት የሱዳን ልጆች ሻይ ቤቱ ደጅ ይጨፍሩበታል፤ «ተማም! ተማም!» ይላሉ፣ ግሩም ነው ማለታቸው ነው። እኔም እየሮጥኩ ወጥቼ አየሁ። ደስ ይላል እኮ! እንዴት ደስ አይበል! የሸሕዲ ልጅ እኮ ናት!

ግን ስሚ የዛሬውን። አንድ ጎጃሜ ጎረምሳ ጫማ እየለካ ዘፈኑን ሰማና ተነሥቶ መወዝወዝ ጀመረ። ስሕተት ነው፤ ወገቡን ሳይሰብር ትከሻውን ያስቀድማል። አላስቻለኝም። ከባንኮኒው ወጥቼ አሳየሁት። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ሙቀት፣ ቀሚሴን ወገቤ ላይ ሸብ አድርጌ።

በትሕትና አየኝ። «አይ እትዬ፣ የፈረንጆቹ እንደሱ አይደለም» አለና አረመኝ።

አረመኝ! የራሴን!

ሁለት ቁጥር ትልቅ ጫማ ሸጥኩለት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጥቅምት 26፣ ሐሙስ

ምሥራች! ሐመር በፈረንጅ ቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ሰጠች። ውዝዋዜውን ከየት አመጣሽው አሏት። መ/ር ዳኘው ተረጎመልን፤ ጥ. ደረቷን ነፍታ ከፊት ተቀምጣለች። ሐመር ያለችው፦ አገሬ ሰሊጥ የሚያረግፉ ሠራተኞች አሉ፣ ከእነሱ ነው።

የጥ.ን ፊት ማየት ነበረብሽ። እንደ ተበሳ ጎማ ትንፍስ! ውስጤ ዘለለ። ወደ ሱቅ ስመለስ መንገዱን አልረገጥኩትም።

ሱቅ ገብቼ ቁጭ ስል ነው የገባኝ። ሙገሳው ለእኔም አልደረሰኝም እኮ። ለጥ.ም አልደረሳት፣ ለእኔም። ለዚያ ባለ ሁለት ቁጥር ትልቅ ጫማ ጎጃሜ ደረሰው!

ጥ. ማምሻውን ነቃ ብላለች አሉ። «ለፈረንጅ እንዲገባው ብላ ነው እንጂ እናቴ ነች ማለቷ ነው» እያለች ታስረዳለች። ጉድ ነሽ እቴ።

ትዕግሥት ከገለጉ ደወለች። የምሠራበት ጤና ጣቢያ መድኃኒት አልመጣለትም፣ መንገዱ ተበላሽቷል፣ በእግር ነው የምንሄደው ትለኛለች። እኔ ደግሞ ሚዮናን አየሽው ወይ እላታለሁ።  «እማ፣ እኔም እኮ አለሁ» አለችኝ። ይቅርታ ልጄ አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን፣ እውነቱን ለአንቺ ልንገርሽ፣ ያቺ እግሯን ፈታ ብታደርግ ኖሮ ብዬ አሰብኩ። ክፉ እናት ነኝ።

ኅዳር 5፣ ቅዳሜ። 6 ሰ.

ከጥ. ጋር ሰላምታ ካቋረጥን ሰነበትን። አልተጣላንም። እኔ ነኝ የቀረሁ። ጠርታኝ ነበር፣ ራሴን አሞኛል አልኩ።

ዛሬ ግን ራሷ መጣች። ከሩቅ አየኋት፤ ስልኩን ከፊቷ ዘርግታ እየሣቀች፣ ከስልኩ ጋር እያወራች። ከሰሊጥ ጆንያው ኋላ ገባሁ። ቁጢጥ። በዚህ ጉልበቴ።

ሐመር ናት። ራሷ፣ በስልኩ። ድምፅዋ ሰልሎ። በቪዲዮ እያየች «እቴቴስ የት ናት?» አለች።

እናቷ ጠራችኝ፦ «ብርነሽ! አንቺ ብርነሽ! የት ገባች ይቺ፣ ሱቋን ከፍታ!»

አልወጣሁም። ሠራተኞቹን ሳይቀር ስታነሣ እኔን ረስታኝ፣ አሁን እቴቴ? ትፈልገኝ እስቲ። ልናፍቃት።

ጥ. በርጩማዬ ላይ ተቀመጠችና ልጇን ታዋራ ጀመር። ሰማሁ ሁሉንም። ደክሟታል። አራቱ አይስማሙም። ሙዚቃውን በማሽን የሚሠራው ልጅ ስሙ የእኔ ነው፣ ያለ እኔ ሚዮና የለም ይላል፤ ሌላዋ ልጅ ደግሞ ልትወጣ ነው። ብርዱ አጥንት ይገባል አለች። ይህን ጉዞ ብንጨርስ ለገና እመጣለሁ፣ ፀሐይ ላይ እሰጣለሁ እንደ በርበሬ አለች። እናቷ ሣቀች። እኔም ከጆንያው ኋላ አፌን ይዤ ሣቅሁ።

«ለእቴቴ ሰላም በይልኝ» አለችና ተዘጋ።

ጥ. ትንሽ ጠበቀችኝ። ከዚያ ሄደች። ወጣሁ። ጉልበቴ አልዘረጋ አለ። አሸነፍኩ ብዬ ነበር። ምኑን እንደሆን እንጃ።

ኅዳር 12፣ ቅዳሜ። ሚካኤል

ታቦቱ በሰላም ገባ። ዝማሬው ልብ ይሰርቃል። ዛሬ ተራርቀን ነው የቆምን፣ እኔ በዋርካው በኩል፣ ጥ. በበሩ በኩል። ሠላሳ ዓመት አንድ ጥላ ስር ስንቆም ነበር።

ስለ ጥ. ልንገርሽ። ካፖርት ለብሳ መጣች! ሐመር የላከችው፣ አንገቱ ጠጉር ያለው፣ ጉልበት የሚያልፍ። በሸሕዲ! ወፍ ከዛፍ በሚወድቅበት ሙቀት! ላቧ በአገጯ ይንቆረቆራል። አስካለ ዘንድ ሄጄ «ይቺ ሴት ልትቀቀል ነው» አልኳት። ሣቀች።

ጥ. ግን አላወለቀችም። ቅዳሴው ሲያልቅ፣ ታቦቱ ሲወጣ፣ ሲገባ። ቀጥ ብላ። እየላባት።

ቀናሁ። በካፖርት ቀናሁ። በዚያ በላቡም ጭምር።

ኅዳር 20፣ እሁድ። ረፋድ 5 ሰ.



የሰፈራችን ሽማግሌ አያ መኮንንና የጥሩዬ የንስሐ አባት ሱቄ ድረስ መጡ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ አወቅሁት። ማን እንደሆነ ብቻ አላወቅሁም። ባሌ ብዬ ጮኽኩ። አያ መኮንን አፌን በእጃቸው ከደኑት።

ሐመር ናት።

ጎንደር ካለው አጎቷ ነው የተደወለላቸው። ትናንት ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ሲሄዱ መንገዱ በረዶ ነበር። መኪናው ተንሸራቶ ተገለበጠ። ሐመርና ባለማሽኑ ልጅ እዚያው አረፉ። ሁለቱ ሆስፒታል ናቸው። ሲጣሉበት የነበረው ስም የማንም ሳይሆን ቀረ።

ጥሩዬ አልሰማችም።

ዘመዶቿ ከጎንደር ማምሻውን ይደርሳሉ። መርዶው ነገ ሲነጋ። እስከዚያ ከማንም አፍ እንዳትሰማ። አያ መኮንን አስበውበት ነው የመጡት፦ ስልኩ። ስልኳን ከፈተች ማለት አለቀ። ፈረንጁ ሁሉ የሚያወራው ይህንን ነው፣ ሥዕሉ ሳይቀር ወጥቷል። «ልጄ፣ ከአንቺ የሚቀርባት የለም፤ ስልኩን ተቀብለሽ ዋይልን» አሉኝ።

እሽ አልኩ። «ኧረ እኔ ከተኳረፍኳት ወር ሊሆነኝ ነው፣ አባቴ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። የሸሕዲ ሰው ሁሉ ከአንቺ የሚቀርባት የለም ይላል። እኔ ብቻ ነኝ የማላውቅ።

ፊቴን ታጠብኩ። ዐይኔን ኩል ተኳልኩ፣ ቅላቱ እንዳይታይ። እየሄድኩ ነው።

እዚያው ቀን። 11 ሰ.

ተመለስኩ። ልጻፈው፣ አለበለዚያ ደረቴ ይፈነዳል።

በሩ ላይ ስታየኝ ዘላ አቀፈችኝ። ቂመኛ አለችኝ። ራስ ምታትሽ ወር ሙሉ አይለቅሽም እንዴ አለችኝ። እጄን ይዛ አስገባችኝ፤ የሽንብራ ቆሎ አቀረበች። አስካለ ቀድማኝ ገብታለች፣ እሷም ሰምታለች፤ ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ተከናንባ። አልተያየንም።

ጥሩዬ ማውራት አላቋረጠችም። ዛሬ አዲስ ዘፈን ይወጣል። ሐመር ትናንት አልደወለችም፣ በረዶው ነው፣ በረዶ ሲጥል ኔትወርክ ሳያስቸግራቸው አይቀርም። ለገና ስትመጣ ጣሪያውን ልቀይር ነው። ቆሎው አፌ ውስጥ አሸዋ ሆነ። አላመጥኩት።

ስልኩን ለምኜ ወሰድኩ። ካርዴ አልቋል፣ ትዕግሥት ጋ ልደውል ብዬ። ጓሮ ወጥቼ አጠፋሁትና ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። ስመለስ፣ ሱቅ ላኩት፣ ባትሪው አልቆ ነበር፣ ቻርጅ ላይ ነው አልኳት።

አየችኝ። መብራት እኮ ከጠዋት ጀምሮ የለም።

የሸሕዲ ሰው ሆኜ! መብራት መኖሩን ሳላጣራ ቻርጅ ብዬ የምዋሽ!

ስልኬን አምጪ አለች፤ በሣቅ። ከዚያ ያለ ሣቅ። ከዚያ ቆማ። ደረቴን አየችው፣ ጫፉ ወጥቶ ነበር መሰለኝ። በሁለት እጄ ያዝኩት።

«ገባኝ!» አለች። «ልጄን እንዳላይ ነው! ዘፈኗ ሲወጣ ደስ እንዳይለኝ! ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዐይንሽን አይቼዋለሁ እኮ ብርነሽ፤ እልል ስትዪ አፍሽ ነው ያለው፣ ዐይንሽ አላለም! ቅናት ነው! በይው! በሰው ፊት በይው!»

አስካለ ተነሥታ ልታረጋጋት ሞከረች። ጥሩዬ ገፋቻት፣ ወደ እኔ መጣች፣ እጇን ደረቴ ላይ ዘረጋች። አንድ እርምጃ ቀርቷታል። ሌላ ምን ልበላት?

«አዎ፣ ቀንቼ ነው» አልኩ።

ቆመች።

«በልጅሽም፣ በካፖርትሽም ቀንቻለሁ። ውዝዋዜው የእኔ ነበር። አልሰጥሽም ስልኩን።»

አንድም ውሸት የለበትም። አንድም እውነት የለበትም።

እጇ ወረደ። ፊቷ እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። በዝግታ፣ ሳትጮኽ፣ «ውጪልኝ ከቤቴ» አለች። «ልጄ ስትመጣ እነግራታለሁ። እቴቴ የምትያት ይህቺን ናት እላታለሁ።»

ወጣሁ። አስካለ በሩን ዘጋችው፤ ልትጠብቃት ቀረች። ስልኩ ደረቴ ላይ እንደ ጠጠር ተጭኖኛል።

ኅዳር 21፣ ሰኞ። ንጋት 11 ሰ. ተኩል

የጎንደሮቹ ደርሰዋል። ሽማግሌዎቹ አጥሬ ጥግ ተሰብስበዋል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይማከራሉ።

አያ መኮንን መጥተው ነበር። አስካለ የትናንቱን ነግራቸዋለች። አንቺ ከኋላ ሁኚ፣ ተቀይማሻለች፣ አስካለ ቀድማ ትግባ አሉኝ። ለእኔ አዝነው ነው። እሽ ብያቸው ነበር። ነጠላዬን ስዘቀዝቅ ግን ሐሳቤን ቀየርኩ።

በዚህ ሰዓት በሯ ላይ ሽማግሌ ካየች፣ ቄስ ካየች፣ አስካለን በተዘቀዘቀ ነጠላ ካየች፣ ያኔውኑ ታውቃለች። አፍ ሳይከፈት።

እኔን ካየች ግን ልጣላ የመጣሁ ነው የሚመስላት። ስልኬን አምጪ ትላለች። ትሰድበኛለች፣ ምቀኛ ትለኛለች፣ ልጄ ስትመጣ ትላለች። እየሰደበችኝ እስካለች ድረስ ልጅ አላት።

ስለዚህ ነጠላዬን አልዘቀዝቅም። ሽማግሌዎቹ አጥር ሥር ይቆዩልኛል። ብቻዬን ነው የማንኳኳው። አፏን እስክትጨርስ ድረስ እቆምላታለሁ፣ የፈለገችውን ያህል ትበለኝ። ከዚያ እኔው እነግራታለሁ።